እርጥብ ታንኳ

ወደ ደንገል ሰፈር ለመግባት ትኬት ያስፈልጋል። እማማ ዘምዘምም እንደ ማንኛውም ሰው ትኬት ቆረጡ። በሩ ላይ ያለው ማሽን ፊታቸውን አየና በሴት ድምፅ «እንኳን ደህና መጡ፤ ሲጎበኙን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው?» አላቸው።

«የተወለድኩት እዚህ ነው» አሉት።

ማሽኑ «ለመጀመሪያ ጊዜ» ብሎ መዘገባቸውና አንጓቸው ላይ አረንጓዴ አምባር አጥልቆ አሳለፋቸው። አምባሩ ቢጫ ሲሆን ጊዜዎ እያለቀ ነው ማለት ነው፤ ቀይ ሲሆን ደግሞ ይውጡ ማለት ነው። እማማ ዘምዘም ሻርፓቸውን አስተካክለው ገቡ፤ ከማሽን ጋር አፍ አይካፈቱ ነገር!

እንግዲህ ጉብኝት አምሯቸው የመጡ እንዳይመስላችሁ። ወንድማቸውን ሊሸኙ ነው የመጡት። ወንድማቸው አደም፣ የሰፈሩ ታላቅ ታንኳ ሠሪ፣ ካለፈው ክረምት በፊት ሞቷል፤ አላህ ይርሐመው። ተቀብሯል፤ ተለቅሶለታል፤ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ገብቷል። ግን አልተሸኘም።

በደንገል ሰፈር ታንኳ ሠሪ ሲሞት አፈር መልበሱ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ውኃ ላይ ነው። ሟቹ በመጨረሻ የሠራት ታንኳ፣ እሱ ባስተማረው ሰው እጅ ከተሠራች አዲስ ታንኳ ኋላ ትታሰርና ወደ ጥልቁ ትወሰዳለች። እዚያ ትለቀቃለች። ከደንገል ሸምበቆ የታሰረች ነችና ውኃ ትጠጣለች፤ ስትጠግብ ቀስ ብላ ትወርዳለች። ሸኚዎቹ በአዲሷ ይመለሳሉ። ይህ እስኪሆን ድረስ የሟቹ ቤተሰብ ዓሣ አይቀምስም። እማማ ዘምዘም ደግሞ ያለ አምባዛ ምግብ ምግብ የማይመስላቸው ሴት ናቸው። አደም ከሞተ ወዲህ አንዲት ጉርሻ ዓሣ በአፋቸው አልገባችም።

ችግሩ፣ የአደምን የመጨረሻ ታንኳ ሰፈሩን የሚያስጎበኘው ድርጅት ወስዷታል። ገና ለቅሶው ሳያበቃ መጥተው፣ አድርቀው፣ ውኃም ምስጥም የማያስገባ ነገር ቀብተው፣ ቀዝቃዛ አዳራሽ ውስጥ ሰቀሏት። እማማ ዘምዘም ደወሉ። አስደወሉ። ልጃቸው ቢሮ ድረስ ሄደች። የተሰጣት መልስ በጣም ትሕትና ያለው ነበር፦ ቅርስ ይጠበቃል እንጂ አይሸኝም።

«ቅርስ ማን አላችሁ!» ብለው ጮኹ ያን ጊዜ፣ ባዶ ሳሎን ውስጥ። «ወንድሜን ነው የጠየቅኳችሁ!»

የቀረው ሰው ሸምሱ ነበር። ሸምሱ የአደም ልጅ ነው፤ ሙያውን ከአባቱ እጅ የተቀበለ፣ ዛሬ የድርጅቱ ታንኳ ሠሪ የሆነ ጎልማሳ። አክስቱ በደወሉ ቁጥር «እናያለን አክስቴ» ይላል። እናያለን፣ እናያለን እያለ ወራቱ ነጎዱ። እንግዲያው ራሴ ሄጄ አያለሁ አሉና መጡ።

ሐይቁን የሚያውቅ ሰው ዛሬ ቢያየው አያውቀውም። እምቦጭ ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖት ከብት የሚሰማራበት ሜዳ መስሏል። እማማ ዘምዘም ልጅ እያሉ የአገሩ ሰው በነቂስ እየወጣ በእጁ ይነቅለው ነበር። በነቀሉት ቁጥር በዛ። ኋላ መረብ የሚጣልበት ውኃ ጠፋና ሰፈሩ ተነሣ፤ ሰዉም ከተማ ውስጥ በየፎቁ ተደለደለ። ከዓመታት በኋላ ድርጅቱ መጥቶ የሐይቁን አንድ ጥግ በተንሳፋፊ አጥር ቆረጠው፤ ውስጡን አጠራ፤ ጎጆዎቹን ከድሮ ፎቶ እያየ መልሶ ሠራቸው። ስሙንም «ደንገል ሰፈር፣ ሕያው ቅርስ» አለው። የሰፈሩ ተወላጅ ተቀጥሮ መመለስ ይችላል ተባለ። አደምና ሸምሱ የተመለሱት እንዲህ ነው።

አስጎብኚው ኢዮስያስ የሚባል ጥርሱ ያማረ ወጣት ነው። ሲናገር ጎብኚዎቹ ዘንድ የሚደርሰው ጆሯቸው ላይ በሰኩት ማዳመጫ በኩል ስለሆነ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ እንደሚያባብል ሰው ነው የሚያወራው።

«ይህ የዓሣ አጥማጅ ቤተሰብ መኖሪያ ነው» አለ፣ ገመድ የተዘረጋበት ደጃፍ ላይ አቁሟቸው።

ውስጥ አንዲት ልጅ እግር ሴት መረብ ትጠግናለች። ቀስ ብላ ነው የምትጠግነው። ጎብኚው አለፍ ሲል የጠገነችውን መልሳ ትፈታዋለች፤ ለሚቀጥለው ጎብኚ ቀዳዳ ያስፈልጋላ!

እማማ ዘምዘም ጎጆውን ዙሪያውን አዩት። ግድግዳው አዲስ ነው፤ ክዳኑም አዲስ ነው። ደጃፉ ላይ ያለችው ሾላ ግን የድሮዋ ነች፤ ልጅ ሆነው ከላይዋ ወድቀው ክንዳቸው የተሰበረባት። «ይሄ እኮ የኔ ቤት ነው» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

አጠገባቸው የነበረ ባርኔጣ ያደረገ ጎብኚ በአድናቆት ዞር አለ። «እንዴት ደስ ይላል! እርስዎም የትርኢቱ አካል ነዎት?»

እማማ ዘምዘም ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ነኝ» አሉት። «ዋናዋ ነኝ።»

ሌላው ጎብኚ ሲያልፍ እሳቸው ቀሩ። ልጅቷ ዐይኗን ከመረቡ ሳታነሳ፣ ከንፈሯን እምብዛም ሳታንቀሳቅስ፣ «እማማ፣ በሥራ ሰዓት ከጎብኚ ጋር ማውራት አይፈቀድልንም» አለች።

«ስምሽን ብቻ ንገሪኝ፤ ቤቴን ማን እንደያዘው ልወቅ።»

«ሶልያና።»

«ሶልያና፣ ምድጃው እዚያ አልነበረም።»

መርፌዋ ቆመ። «የት ነበር?»

«በወዲህ በኩል፣ ነፋሱ ጭሱን ይዞት በሚወጣበት። እንዲህ አድርገሽው እንዴት ዐይንሽ አልጠፋም?»

«እሳቱ እውነተኛ አይደለም እኮ፣ እማማ። መብራት ነው።»

እማማ ዘምዘም ሳቃቸው መጣ። ሳቁ ግን መሃል ላይ ተበላሸባቸውና ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሄዱ።

ከዚያ ዓሣ ሲጠመድ አዩ። ዓሣዎቹ ጧት ከገንዳ በቱቦ ይለቀቃሉ፤ ሁለት ሰዎች መረብ ይጥሉባቸዋል፤ ጎብኚ ያጨበጭባል፤ ሲመሽ ወደ ገንዳቸው ይመለሳሉ። ነገም እነዚያው ናቸው። መረቡን ከመልመዳቸው የተነሳ ገና ሲጣል ራሳቸው ይሰበሰባሉ። አንዱ ቆሮሶ ከመረብ ጋር ሲፋተግ ኖሮ የጎኑ ቅርፊት አልቋል። ለምሳ የቀረበው ዓሣ ሌላ ነው፤ ከየት እንደመጣ አልተነገረም።

ኢዮስያስ ሳህኑን ራሱ አምጥቶ አቀረበላቸው። «ከትኬቱ ጋር ነው፣ እናቴ። ይብሉ እንጂ።»

«አልበላም።»

«ዓሣ አይስማማዎትም?»

«አሳምሮ ይስማማኛል። ወንድሜን ሳልሸኝ ግን አልበላም።»

ኢዮስያስ ፈገግ አለ። መልስ ያልተዘጋጀለት ነገር ሲሰማ እንዲያ ነው የሚያደርገው። ሳህኑን አንሥቶ ሄደ።

ሸምሱን ያገኙት ዳር ላይ፣ የደንገል እስር መሃል ተንበርክኮ ነው። የታንኳዋ ሆድ ታስሯል፤ ጎኖቿ ተነሥተዋል፤ አፍንጫዋ፣ የፊት ጫፏ፣ ግን ገና መሬት ላይ ተዘርግቷል። ሁልጊዜም እዚህ ላይ ነች። ትርኢቱ ከግማሽ ይጀምርና አፍንጫዋ ሊታሰር ሲል ያበቃል። ማታ ፈቺዎች መጥተው ጧት ወደነበረችበት ይመልሷታል። ያው ደንገል፣ ያው ገመድ። አደም በሕይወት ሳለ በዓል በዓል ላይ አንዳንዷን እንዲጨርስ ይፈቀድለት ነበር። ከሱ ወዲህ ግን ሸምሱ አንዲትም ታንኳ ጨርሶ አያውቅም።

አክስቱን ሲያይ ገመዱ ከእጁ ወደቀ። «አክስቴ! ምን አመጣሽ?»

«ትኬት።»

«ኧረ በአላህ...»

«በአላህ አትበለኝ። ታንኳህን ጨርስና አባትህን እንሸኝ።»

ሸምሱ ግራ ቀኙን አየ። ጎብኚዎቹ ገና ምሳቸውን እየበሉ ነው። «አይፈቀድም።»

«ምኑ ነው የማይፈቀደው? መሸኘቱ?»

«መጨረሱም። ከተጨረሰች ነገ ምን ይታያል? ደንገሉም እንደ ልብ አይገኝም። ደግሞ የምኖርበት ቤት የድርጅቱ ነው፣ አክስቴ። ብባረር ልጆቼን የት ላድርጋቸው? አንቺ ትሄጃለሽ፤ እኔ ነኝ የምቀረው።»

እማማ ዘምዘም አዩት። ውሸት አልተናገረም። ያሳደጉት ልጅ ነው፤ ፀጉሩ ሸብቷል፤ አለቃ እንዳየው ተማሪ አንገቱን ሰብሮ ነው የሚያወራው። አንጀታቸውን የበላው ይሄ ነው። መፍራቱ አይደለም፣ ፍርሃቱን መልመዱ።

«አባትህ ሲሞት እጁን የያዝከው አንተ ነህ» አሉት ቀስ ብለው። «ምን አለህ?»

ሸምሱ የወደቀውን ገመድ አነሣ።

«ንገረኝ እንጂ! አፍህ ተሰፋ?»

«እንዳይሰቅሏት አለኝ።»

«እና?»

«ሰቀሏት።»

ከዚያ በላይ ጊዜ አልነበረም። ኢዮስያስ ጎብኚዎቹን ይዞ ደረሰ፤ ሸምሱ ቶሎ ብሎ ተንበረከከ፤ እማማ ዘምዘም ጎብኚ እንዳያልፍ የተዘረጋውን ገመድ ተሻግረው ከሰዉ ጋር ቆሙ።

ትርኢቱ እንደ ወትሮው ሄደ። ሸምሱ አንድ እስር አነሣ፤ አጥብቆ አሰረ፤ ላቡን ጠረገ። ላቡን የሚጠርግበት ቦታ እንኳ የታወቀ ነው። በመጨረሻ ኢዮስያስ «እንዲህ እያለ ታንኳ ሠሪያችን በቅርቡ ሥራውን ይጨርሳል» አለና እጁን ለጭብጨባ አነሣ።

«መቼ?»

ሁሉም ዞሩ። እማማ ዘምዘም ናቸው።

«በቅርቡ፣ እናቴ» አለ ኢዮስያስ።

«በቅርቡ መቼ ነው? እኔ እንኳ አሮጊት ነኝ፤ ብዙ አልቆይም። አንድ አፍንጫ ነው የቀረው። ይጨርሳትና እንያት!»

ባርኔጣ ያደረገው ጎብኚ ሳቀ። «እውነታቸውን እኮ ነው! ይጨርስ!» አለ። ሌላዋ ሴትዮ «እኛም እንይ እንጂ፤ ከሩቅ ነው የመጣነው» አለች። ሰው መቼም አንዴ ከተነሣ ተነሣ ነው። ይጨርስ፣ ይጨርስ የሚለው ጩኸት ዳሩን ሞላው።

ሸምሱ ከተንበረከከበት ቀና ብሎ አክስቱን አያቸው። እሳቸው ገመዱን እንደ ገና ተሻገሩ። ጫማቸውን አወለቁ። የአፍንጫውን ገመድ አንሥተው ወገባቸው ላይ ጠመጠሙትና ተረከዛቸውን መሬት ላይ ተከሉ። የታንኳ አፍንጫ ወደ ላይ የሚቀለበሰው አንዱ በሙሉ ክብደቱ ወደ ኋላ ሲስብ፣ ሌላው ፈጥኖ ሲያስር ነው፤ ለብቻ አይሆንም። ልጅ ሆነው ለአደም ይስቡለት የነበሩት እሳቸው ናቸው።

«በል!» አሉ። «ወገቤ ሳይቆረጥ!»

ኢዮስያስ ጆሮው ላይ ያለውን ነገር ተጭኖ ከሥራ አስኪያጇ ጋር ያንሾካሹካል። ሥራ አስኪያጇ ሩሐማ ትባላለች፤ ከላይኛው ፎቅ ሆና ከጎብኚዎቹ አምባር የሚመጣውን ስሜት ሰሌዳ ላይ የምታይ ሴት ናት። አምባሩ የልብ ምትን ይቆጥራል፤ ደስታን ይለካል። የዛሬው መስመር ሽቅብ እየወጣ ነበር።

«ምን ላድርግ?» አለ ኢዮስያስ።

«ዝም በል» አለችው ሩሐማ። «እንዳታቋርጣቸው።»

ሸምሱ ገመዱን ያዘ። አንዴ አሰረና ላላበት። ፈታው። «ቢስሚላህ» አለና እንደ ገና ያዘ። አክስቱ ወደ ኋላ ተንጋለሉ፤ ደንገሉ ተንጣጣ፤ አፍንጫው ከመሬት ተነሣ፤ ተቀለበሰ። ሸምሱ ገመዱን አዙሮ፣ አሾልኮ፣ በጥርሱ ጭምር ይዞ አጠበቀው። ከዚያ እጁን አነሣ።

ታንኳዋ አለቀች። ሰው አጨበጨበ። ሸምሱ ግን አላያቸውም፤ አፍንጫዋን ይዳብሳል፤ ዐይኑ እንባ ሞልቷል። «አለቀች እኮ፣ አክስቴ» ይላል ደጋግሞ፣ የሚያምነው ሰው እንዳጣ ሁሉ።

«አየሁ። አሁን አባትህን እናምጣ።»

እዚህ ላይ ይቆማል ብሎ ያሰበ ካለ እማማ ዘምዘምን አያውቅም። በባዶ እግራቸው ወደ አዳራሹ አመሩ፤ ሸምሱ ተከተለ፤ ጎብኚው ሁሉ ከኋላ ጎረፈ። በሩ ላይ ሁለት ጥበቃዎች ቆመው ነበር። ፊት ለፊታቸው አንዲት አሮጊት፣ ከአሮጊቷ ኋላ አምባር ያጠለቀ ሕዝብ። ወደ ላይኛው ፎቅ ቢያዩ ማንም ምንም አላላቸውም። ፈቀቅ አሉ።

የአደም ታንኳ በብርሃን መሃል ተንጠልጥላለች። የቀቧት ነገር እንደ ሸክላ ያብለጨልጫል። ስትሠራ እንደዚያ አላማረችም፤ ታንኳ እንዲያ ማማርም የለባትም። ሸምሱ ማንጠልጠያውን ሲፈታ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ ጎብኚዎቹ ሙዚቃ መስሏቸው ስልካቸውን አነሡ። አንድ ጎን ሸምሱ ያዘ። ሌላውን ጎን የሚይዝ ሰው ጠፋ።

«እኔ አለሁ» አለች አንዲት ሴት ከሰዉ መሃል። ሶልያና ነች፤ የዓሣ አጥማጅ ሚስት ልብሷን እንደለበሰች፣ መረቧን ጥላ የመጣች። ትከሻዋን አስገባች። ሁለቱ ዓሣ አጥማጆችም መጡ። የሚያስገርመው፣ ታንኳዋ ምንም አትከብድም ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ጠብታ ውኃ ሳትጠጣ ደርቃ ከርማለች።

ዳር ሲደርሱ ሸምሱ የአባቱን ታንኳ ከአዲሷ ኋላ አሰረ። እማማ ዘምዘም ገቡ፤ እሱም ገባ፤ ደንገል የሚቆርጥበትን ማጭድ ወገቡ ላይ እንደሻጠ ረጅሙን የቀርከሃ ዘንግ ይዞ ገፋ። አዲሷ ታንኳ ወዲያው ውኃ ማስገባት ጀመረች፤ የታንኳ ወጉ ነው።

«ረጠብኩ!» አሉ እማማ ዘምዘም። ቀሚሳቸው እስከ ጉልበት ርሷል። «ወይ ሸምሱ፣ ረጠብኩ!» ከወጣትነታቸው ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏቸው አያውቅም።

አጥሩ ጋ ደረሱ። የአጥሩ በር የሚከፈተው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው የማይነዳው እምቦጭ አጫጅ ማሽን ጧት ሲወጣና ያጨደውን ሊያራግፍ ሲገባ። በዚህ ሰዓት ነው የሚገባው፤ ሸምሱ በየቀኑ እያየው ኖሯል፤ ግን በዚያ ልውጣ ብሎ ያሰበበት ቀን አልነበረም። ማሽኑ እያጓራ በአጠገባቸው አለፈና በሩ እንደተከፈተ ቀረ። ሸምሱ ዘንጉን ተከለ።

ማሽኑ አጭዶ የከፈተው መንገድ በእምቦጩ መሃል ረጅም ሆኖ ይሄዳል። ግራና ቀኙ አረንጓዴ ነው፤ አበባው ሐምራዊ፤ ሽታው ይከብዳል። የጎብኚው ድምፅ ከኋላ ቀረ። ከዚያ መንገዱ ሰፋና ጥቁር ውኃ ብቅ አለ፤ ሰማይ የሚታይበት፣ ዘንግ የማይደርስበት። ሸምሱ ቆመ።

«እዚህ» አሉ እማማ ዘምዘም።

ገመዱን ፈቱ። የአደም ታንኳ ትንሽ ራቅ አለችና ቆመች። ጠበቁ። ሌላ ታንኳ ቢሆን ይሄኔ ጎኗ መጨለም፣ ጅራቷ መውረድ ይጀምር ነበር። እሷ እቴ! ውኃው እላይዋ ላይ እንደ ዘይት እየተንከባለለ ይወርዳል። እያብለጨለጨች ተንሳፈፈች።

«ውኃ እንኳ እንዳይጠጣ አደረጉት» አሉ እማማ ዘምዘም። ከዚያ ንዴታቸው መጣ። «ስጠኝ ማጭድህን!»

«እኔ ልቁረጠው፣ አክስቴ።»

«ስጠኝ አልኩህ!»

ታንኳዋን ጎትተው አስጠጉና እስሩን አንድ በአንድ በጠሱት። አደም ያሰረውን እስር መበጠስ ቀላል አይደለም። እያለቀሱ ነው የሚቆርጡት፤ እየተሳደቡም ነው፤ ቀቢዎቹን፣ ሰቃዮቹን፣ በትሕትና መልስ የሚሰጡትን ሁሉ። ገመዱ ሲያልቅ ታንኳዋ ተከፈተች። ደንገሉ ተበታተነ። እስሩ ውስጥ ተደብቆ የነበረውን ጫፍ ቀለም አልነካውም ነበርና በዚያ በኩል ውኃ ጠጣ፤ ጠቆረ፤ አንድ በአንድ ጭራውን ወደ ታች እየሰደደ ወረደ።

«ሂድ አደም» አሉ። «ሂድ ወንድሜ። አስቆየንህ፤ አፉ በለን።»

ሸምሱ ጮክ ብሎ አለቀሰ። ሲሞትም፣ ሲቀበርም እንዲያ አላለቀሰም። አባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የቀበረው አሁን ነው።

ሊመለሱ ዘንጉን ሲያነሣ ከእምቦጩ ሥር አንድ ነገር ቦጭ አለ። ትልቅ ጥቁር ጀርባ ብቅ ብሎ ተመልሶ ገባ።

«አየሽ?»

«አምባዛ!» አሉ እማማ ዘምዘም።

«የገንዳ አይደለም።»

«የማንም አይደለም» አሉ።

በሩ ሳይዘጋ ደረሱ። ዳሩ ላይ ጎብኚው ቆሞ ያጨበጭባል። ሩሐማ ራሷ ከፎቅ ወርዳ ትጠብቃቸው ነበር፤ ጫማዋ ጭቃ ነክቷል። እጃቸውን ይዛ ከታንኳ አወረደቻቸው።

«እማማ፣ እንባዬን ነው ያመጡት!» አለች። «ከተከፈትን ጀምሮ እንደዛሬ ያለ ውጤት አይተን አናውቅም። እናንተ የሄዳችሁበትን ጊዜ ሁሉ ሰዉ አልተነቃነቀም። በየቀኑ እናደርገዋለን። አሮጌ ታንኳ እናዘጋጃለን፤ እርስዎን እንቀጥራለን። ቤትዎን ደግሞ» እጇን ወደ ሾላው ዘረጋች፣ «ቤትዎን እንመልስልዎታለን። እዚያው ይኖራሉ። ነገ መጀመር እንችላለን።»

እማማ ዘምዘም ሾላዋን አዩ። ደጃፉን አዩ። እንግዲህ ሰው ናቸው፤ አማራቸው። እዚያ ማደር፣ ጧት በዚያ ደጃፍ መውጣት አማራቸው።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «ወንድሜ የሞተው አንድ ጊዜ ነው።»

ሩሐማ ፈገግታዋን ከፊቷ ለማውረድ ጊዜ ወሰደባት። አምባሩ አንጓቸው ላይ ቀይ ሆኖ መጮህ ጀምሯል። ኢዮስያስ ቀረብ ብሎ «እናቴ፣ ጊዜዎ አልቋል» አላቸው።

«አሁን ገና ነው የገባሁት» አሉትና አምባሩን አውልቀው መዳፉ ላይ አኖሩለት።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ፈቺዎቹ ቢላቸውን ይዘው መጡ። ሸምሱ ታንኳዋን ከውኃ አውጥቶ፣ እንዲንጠፈጠፍ ሾላው ላይ አስደግፎ አቁሟት ነበር፤ ድሮ ሰፈሩ ሁሉ ማታ ማታ እንደሚያደርገው። ውኃው ከጅራቷ ጠብ ጠብ ይላል። ፈቺዎቹ ነክተዋት እጃቸውን ጠረጉ። እርጥብ ታንኳ ፈትተው አያውቁም።

«ፍቷት» አለች ሩሐማ።

«ትችላላችሁ» አለ ሸምሱ። ከታንኳዋ ፊት ቆሟል፤ አንገቱ ቀና ብሏል። «ግን እርጥብ ደንገል ቢፈታ መልሶ አይታሰርም፤ ተከምሮ ይበሰብሳል። ሌላ ደንገል ደግሞ የላችሁም። ሳትደርቅ ከነካችኋት የነገ ትርኢት የለም፤ የከነገ ወዲያውም የለም።»

ሩሐማ ወደ ፈቺዎቹ ዞረች። ፈቺዎቹ መሬት መሬት አዩ።

«መቼ ነው የምትደርቀው?»

«ፀሐይ ካገኘች ነገ እስከ ማታ።»

«እንግዲያው ነገ ማታ ትፈታለች። ከዚያ ስለ አንተ እንነጋገራለን።»

ከጎጆው በኩል ሶልያና ብቅ አለች። እጇ ጥላሸት ነክቷል። «እማማ» አለች፣ ሩሐማን እንዳላየች ሆና፣ «ምድጃውን ነፋሱ ወደሚያወጣው በኩል አዛውሬዋለሁ። ማገዶ ብቻ ነው የቀረኝ።»

እማማ ዘምዘም ሾላዋ ሥር ተቀምጠው የረጠበ ቀሚሳቸውን ይጨምቃሉ።

«ነገ ማታ» አለች ሩሐማ፣ ጣቷን ወደ ሸምሱ ቀስራ። «ሰማህ?»

«ነገ ማታም እርጥብ ነች» አለ ሸምሱ። «ነገ ጧት ማሽኑ ሲወጣ ተከትለን ዓሣ እንወርዳለን። አክስቴ ዓሣ አምሯታል።»